ለእትዬ አመተ ማርያም የተሰጠ አድራሻ

ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለሳሌም፤

እንዴት ሰነበትሽ? እኛ ከብርዱና ከሚስቴ ከአስካለ ቁጣ በቀር የሚነካን የለም። ሁለቱም በዚህ ወር ጠንከር ይላሉ፤ ቢሆንም ተመስገን ነው። ዛሬ ጾመ ነቢያት ገብቷል፤ ቁጣዋም አብሮ እንዲጾም ተስፋ አድርጌያለሁ።

ትናንት እሑድ እየተጫወትን ሳለ ድንገት የጠፋሁብሽ ሰልችተሽኝ አይደለም። ይኸው ዋይፋዩ በገባ ሦስተኛ እሑዳችን ነው፤ ሦስቱንም አንድ ዓይነት ሆነናል። አንቺ ከዚያ ወገን ሆነሽ ሣቄን ትሰሚያለሽ፣ ከዚያ ጨለማ ነው። ከዚህ ወገን የሚሆነውን ልንገርሽ።

በእኔ ስልክ ስንገናኝ ዋይፋዩ እንደ ሰጋር በቅሎ ይሄዳል። አስካለ አንቺ የላክሽውን ታብሌት ይዛ ወደ ውስጠኛው ክፍል፣ ወደ እናትሽ ትገባለች። እትዬ አመተ ማርያም ነጠላቸውን አስተካክለው ይቀመጣሉ። ታብሌቱ ይበራል። ያኔ የእኔ ስልክ ይደርቃል፣ የአስካለም ይደርቃል፣ ሰርቪስ ቤቱን የተከራየው ደረጀ ከበር ብቅ ብሎ ዛሬም ጠፋ እንዴ ይለኛል። ራውተሩ ግን መብራቶቹን እያርገበገበ ምንም እንዳልሆነ ሰው ያየናል። ታብሌቱን አጥፍተን እትዬ ከተነሡ በኋላ ሁሉም ይመለሳል።

እኔ እንደምታውቂው ኤሌክትሪክ የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ኮረንቲው ራሱ እየነዘረ ነው ያስተማረኝ። በዚያው ትምህርት ፋብሪካ ውስጥ እስከ ጡረታ ሠርቻለሁ። ዋይፋይ ግን አይነዝርም። የማይነዝርን ነገር ሰው እንዴት ይማረዋል?

ለእናትሽ፣ እርስዎ ሲቀመጡ ኢንተርኔቱ ለአክብሮት ብድግ እያለ ነው ብላቸው፣ ሸምግለህም አልበሰልህም አሉኝ።

ይህን የምጽፍልሽ በስልኬ ዳታ ነው። ግቢያችን ጉድጓድ ውስጥ ስለሆነ ዳታው ጽሑፍ እንጂ ምስል መሸከም አይችልም። ስለዚህ እንደ ድሮ ሰው ደብዳቤ እንጻጻፍ፤ ለቴምብርም ማንም ገንዘብ አይጠይቀንም።

በዚህ ወር ምንም አትላኪልን። ሁሉም አለን። እናትሽ ደህና ናቸው።

እመ ብርሃን ከፊትሽ ትቅደም፤ ከኋላሽም አትራቅ።

አጎትሽ ፍሥሐ ወልደተንሣኤ


ዶሃ፣ ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ፍሥሐ፤

የእግዚአብሔር ሰላም ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብ ይድረስ። እኔ ደህና ነኝ፤ መድከሙን ለምጄዋለሁ። አክስቴን አስካለን ይሳሙልኝ። እማዬን ከሁሉ አስቀድመው ይሳሙልኝ።

ጋሼ፣ እኔ ሆቴሉ መቀበያ ላይ ቆሜ የምውለው የሰው ዋይፋይ ሳስታርቅ ነው። እንግዳው ከክፍሉ ወርዶ ስልኩን ፊቴ ላይ ይዘረጋል፤ አጥፍተው ያብሩት እለዋለሁ፤ አብርቶት ይሠራለታል፤ ሳያመሰግነኝ ይሄዳል። ቀኑ እንዲህ ያልቃል። እሑድ ደግሞ የእኔ ተራ ሲደርስ እኔኑ ይጠፋብኛል።

እስቲ እነዚህን ይሞክሩልኝ። ራውተሩን ከሶኬቱ ነቅለው ትንሽ አሳርፈው ይመልሱት። ደረጀ የሚባለው ልጅ የራሱ ሌላ ራውተር አምጥቶ ከእርስዎ መስመር ላይ ሰክቶ እንደሆነ ይጠይቁት፤ ሁለት ራውተር በአንድ ቤት ሲሆን ይጋጫል። ታብሌቱ ሲበራ ዋይፋይ ምልክቱ ላይ ምን ብሎ እንደሚጽፍ ያንብቡልኝ።

ሌላም ጥያቄ አለኝ። ታብሌቱ ጠፍቶ የእርስዎ ስልክ ሲመለስ፣ ስልኩን ይዘው ውስጥ ገብተው ለምን ለእማዬ አይሰጡልኝም? የሁለት እርምጃ መንገድ አይደለም ወይ?

እማዬስ አንኮበርን ትታ እርስዎ ቤት ይህን ያህል ምን አስቀመጣት? ለአንድ ሰርግ እንኳ ከደብሯ ርቃ ሁለት ሌሊት አታድርም ነበር። ጥቅምት ከገባ ጀምሮ እዚያ ናት። የእንቁጣጣሽ ለት በጎረቤት ስልክ ካየኋት ወዲህ ፊቷን አላየሁም።

አትላኪ ያሉኝንም አልወደድኩትም። አትላኪ የሚል ዘመድ እዚህ ካሉት ልጆች መካከል የገጠማት አንድም የለችም።

አክባሪ ልጅዎ ሳሌም


ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሳሌም፣ ለዶሃዋ የዋይፋይ ሽማግሌ፤

ሰላምሽ ይብዛ። መልሴ የዘገየው እትዬን ይዤ አንድ ቦታ ደርሰን ስንመለስ ቀኑ ስላለቀ ነው። የእኔም ጉልበት እንደ ድሮው አይደለም፤ ከታክሲ ስወርድ ከእሳቸው እኔ ነኝ የምቃትተው።

ያዘዝሽኝን ሁሉ አደረግሁ። ራውተሩን ነቅዬ አሳረፍኩት። እኔም አብሬው አረፍኩ። ተመልሶ ሲሰካ ያው ነው።

ቀጥሎ ደረጀን ጠረጠርኩ። ልጁ ከደነባ መጥቶ ፋብሪካ የሚሠራ ጨዋ ልጅ ነው፤ ግን ኳስ ይወዳል። ኳስ የሚያይ ሰው ኢንተርኔት እንደ ጠላ ይጠጣል ብዬ ፓስወርዱን ቀየርኩበት። ለምን ቢለኝ ጾም ገብቷል አልኩት። ሁለት ቀን ፊቱን አዙሮ ወጣ ገባ፤ በሦስተኛው ቀን አስካለ ምሳ ስታቀርብልኝ የእኔን ሽሮ ከፍላ ለእሱ ወሰደችለት። ያም ሆኖ እሑድ እትዬ ሲቀመጡ ቤቱ እንደ ልማዱ ደረቀ። ታብሌቱ ላይ የሚነበበው «ተገናኝቷል፣ ኢንተርኔት የለም» ነው። ደረጀ ምንም የሰካው ራውተር የለም። ይቅርታ መጠየቅ እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ እጠይቀዋለሁ፤ ፊቱን እስኪያሳየኝ ነው የምጠብቀው።

ስልኩን ለምን አልሰጥም ላልሽው፣ የስልኬን መስታወት አላየሽውም እንጂ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል። እናትሽን በስንጥቅ አሳይቼሽ እማዬ ተሸበሸበች እንድትይ አልፈልግም። እሳቸውም ልጄ በላከችው ካልሆነ ብለዋል።

አንኮበርን ለምን ተዉ ላልሽውም፣ እህት ወንድሟን ብትናፍቅ ለማን ይከፋል? እኔ እኮ የምናፈቅ ሰው ነኝ። ያላመነ አስካለን ይጠይቅ፤ ግን ማለዳ አይጠይቃት።

እናትሽ ደህና ናቸው። በጣም ደህና ናቸው።

የአባቶችሽ በረከት ይደርብሽ።

አጎትሽ ፍሥሐ


ዶሃ፣ ኅዳር 28 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ፍሥሐ፤

እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ይህን የምጽፈው የምሳ ሰዓቴ ላይ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ተቀምጬ ነው፤ ስለዚህ አጭር ነው።

ጋሼ፣ ቀልድ ሲያበዙ እፈራለሁ። ደህና ናቸው ብለው ሁለት ጊዜ ሲጽፉ ደግሞ ይበልጥ እፈራለሁ። እማዬን ይዘው የደረሱበት «አንድ ቦታ» ስም የለውም?

አባዬ የታመመ ጊዜ ስደውል ጸበል ሄዷል ትሉኝ ነበር። አንድ ቀን ስልኩን አፉ ላይ ያዛችሁለትና ደህና ነኝ አለኝ። ድምፁ ቀጥኖ ነበር፤ ብርድ ነው አላችሁኝ። ለአዲስ ዓመት ነጭ ለብሶ እንኳን አደረሰሽ ሲለኝ የተቀረጸ ቪዲዮ ላካችሁልኝ። እኔ ያንን ለጓደኞቼ እያሳየሁ ስኮራ አባዬ አፈር ከገባ ቆይቷል። መርዶውን ያረዱኝ ካህንና ሦስት የማላውቃቸው ሴቶች በጠዋት በሬን አንኳኩተው ነው። አልወቅሳችሁም፤ በሰው አገር ብቻዋን እንዳትወድቅ ብላችሁ ነው። ወጉ እንዲህ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ከዚያ ወዲህ ድምፅም ፎቶም የተቀረጸም አላምንም። እማዬን በዓይኔ፣ በዚያው ሰዓት፣ ስጠይቃት ስትመልስልኝ ማየት አለብኝ።

ለገና ካላየኋት ውሌን ጥዬ እመጣለሁ። ሳይጨርስ የሄደ ሰው ተመልሶ እንደማይገባ ያውቃሉ። እኔም አውቃለሁ። ለአለቃዬ የማስገባውን ማመልከቻ ጽፌ ጨርሻለሁ።

እውነት የዋይፋይ ጉዳይ ብቻ ከሆነ ይህን ያድርጉልኝ። በእያንዳንዱ ስልክና በታብሌቱ ላይ ሴቲንግ ውስጥ ይግቡ፣ ዋይፋይ የሚለውን ይክፈቱ፣ አይፒ አድራሻ ብሎ የሚጽፈውን ቁጥር እንዳለ ይላኩልኝ። የሁሉንም። አንድም እንዳያስቀሩ።

ሳሌም


ደብረ ብርሃን፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለሳሌም፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ደብዳቤሽን ካነበብኩ ሳምንት አልፏል። ማንበብስ በዚያው ቀን አነበብኩት፤ መልሱን መጻፍ ነው ያቃተኝ። ለእትዬም አነበብኩላቸው። ሲሰሙ ቆይተው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉና፣ እንዳትመጣ፣ አንተ ሰውዬ ያንን ነገር ከገና በፊት ሥራልኝ አሉ።

ትናንትም እሑድ ነበር፤ ትናንትም ያው ሆነናል። የታዘዝኩትን ልፈጽም።

የመጀመሪያዎቹ ቁጥሮች ለሁላችንም አንድ ናቸው፤ 192.168.1 ይላሉ። ልዩነቱ የመጨረሻዋ ላይ ነው። እሷንም ስነግርሽ ኩራት እንደሚሰማኝ አልደብቅሽም፤ በዚህ ቤት በሥርዓት የተሠራ ነገር ቢኖር እሱ ነው።

ዋይፋዩ የገባ ሰሞን ቁጥሩን የሚያድለው ራውተሩ ራሱ ነበር። ዛሬ እኔ 7 እሆናለሁ፣ ነገ 7ን ደረጀ ይዞት ይገኛል። አንድ ቀን ብከፍት እናትሽ ከቴሌቪዥኑ ኋላ 11 ሆነው አገኘኋቸው። የወልደተንሣኤ የበኩር ልጅ፣ ከቴሌቪዥን ኋላ! በቤቴ ሰው በመጣበት ሰዓት አይቀመጥም፤ በዕድሜው ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው እሑድ ሳይደርስ በየስልኩ ገብቼ «አውቶማቲክ» የሚለውን ተውኩና በእጄ ጻፍኩ።

እትዬ 192.168.1.1 ናቸው። እኔ መጨረሻዬ 2 ነው። አስካለ 3፣ ቴሌቪዥኑ 4። አስካለ ከቴሌቪዥኑ በላይ መዋሏን ስነግራት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ብላለች። ደረጀን 20 አደረግሁት፣ ወደ በሩ አካባቢ፤ በእንግድነት የሚመጣ ሰው ቢኖር ብዬ መሃሉን ክፍት ትቻለሁ።

ሌሎቹን መሙያዎች አልነካሁም፤ ተጽፎ ያገኘሁትን እንዳለ ትቼዋለሁ። ይኸው ነው። ከዚህ የሚጎድል ሥርዓት ካለ ንገሪኝ።

ማመልከቻውን ግን አታስገቢ። እባክሽ።

አጎትሽ ፍሥሐ


ዶሃ፣ ታኅሣሥ 7 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጋሼ ፍሥሐ፤

እንደምን አሉልኝ። ደብዳቤዎን መቀበያው ላይ ቆሜ አነበብኩና ሣቅሁ። ሻንጣ ይዞ የቆመው እንግዳ በእሱ የሣቅሁ መስሎት ተቀየመኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሣቅሁ አላስታውስም፤ ሣቁ ሲያልቅም ዕንባ መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ጋሼ፣ 1 ቁጥር ሰው አለበት። ራውተሩ ራሱ ነው።

እርስዎ የከበሬታ ወንበር ነው ያሉት የበረኛው ወንበር ነው። በቤቱ ያለ ስልክ ሁሉ ወደ ውጭ የሚልከውን የሚሰጠው ለበረኛው፣ ለ1 ነው፤ እሱ ያወጣል፣ የመጣውን እሱ ያስገባል። ያልነኩት መሙያ ውስጥ ጌትዌይ፣ ማለትም መውጫ በር፣ የሚል ካለ ይመልከቱት፤ 192.168.1.1 ይላል። ታብሌቱ ሲበራ እኔም 1 ነኝ ይላል። ያኔ የእርስዎ ስልክ፣ የአክስቴ ስልክ፣ የደረጀ ኳስ፣ ሁሉም የያዘውን ይዞ እማዬ ጋ ይመጣል። እሷ ወዴት ታድርሰው? ታብሌቱ ራሱም መውጫ ፍለጋ ወደ 1 ሲሄድ ራሱን ያገኛል። ከዚያ ሁሉም ቆሞ ይቀራል።

የወልደተንሣኤን የበኩር ልጅ በር ላይ አስቀምጠው ዘበኛ አድርገዋታል።

መፍትሔው ይህ ነው። በሁሉም ላይ የጻፉትን አጥፍተው ወደ «አውቶማቲክ» ይመልሱት፤ የእርስዎንም የደረጀንም ጭምር፤ በእጅ የተጻፈ ከቀረ ነገ ራውተሩ ያንኑ ቁጥር ለሌላ ይሰጥና እንደገና ይጋጫል። ከዚያ ራውተሩን አጥፍተው ያብሩት። ቁጥሩ የወንበር ተራ አይደለም፣ ጋሼ። ማንም የትም ቢቀመጥ እኩል ያያል።

ለእሑድ እጠብቃለሁ። ማመልከቻው ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ አላስገባሁትም።

ሳሌም


ደብረ ብርሃን፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሳሌም፤

ጤናሽ እንዴት ነው? የእኔ ጤና ደህና ነው፤ ኩራቴ ነው የታመመው።

ሁሉንም ወደ አውቶማቲክ መለስኩ። መጀመሪያ የሄድኩት ደረጀ ጋ ነው። ልጄ፣ ሌባው እኔ ነኝ፤ እህቴን ራውተር ላይ አስቀምጬ ነው ያስራብኩህ አልኩት። ገብቶት ይሁን ሳይገባው እንጃ፣ ስልኩን ሰጥቶኝ ሲያበቃ፣ ጋሼ እኔማ ጾሙን ነበር የፈራሁት አለኝ። ዛሬ አብሮን ምሳ በልቷል።

ለእትዬ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ቁጥርዎ ራውተሩ የሰጠዎት ነው፣ ምናልባትም ከቴሌቪዥኑ ኋላ ነው አልኳቸው። ቤተ ክርስቲያንስ ቦታ መርጬ ቆሜ አውቃለሁ ወይ አሉኝ። ታብሌቱ 9 ሆኖ ተነሣ። ሲበራ የእኔ ስልክ አልደረቀም። አስካለ በእልልታ ቤቱን ልታፈርሰው ነበር።

ነገ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጠብቂን። ነጩን ቀሚስ አስካለ አውጥታ አንጥፋዋለች።

ፍሥሐ


ዶሃ፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ፍሥሐ፤

የእግዚአብሔር ቸርነት አይለያችሁ። እማዬን ስላሳዩኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያየኋት እሷ ናት፤ የተቀረጸች አይደለችም። ስጠይቃት መለሰችልኝ፣ ስሜን ጠራችኝ፣ ስለ ጎረቤቶች ሐሜት እንኳ ነገረችኝ። መስመሩ አንዴም አልተቆረጠም። እሑድ ሌሊቱን እንቅልፍ ይወስደኛል ብዬ ነበር።

አልወሰደኝም። አምስት ቀን ሙሉ ሳልጽፍ የቆየሁት ለዚህ ነው።

ጋሼ፣ እኔ ኅዳር ውስጥ ፀጉሬን ተቆርጫለሁ። እስከ ጆሮዬ ነው። የማጥብበት ጊዜ ስላጣሁ፣ ደክሞኝ ነው የተቆረጥኩት። እማዬ ከልጅነቴ ጀምሮ መቀስ ፀጉሬ አጠገብ ሲደርስ የምትጮህ ሴት ናት። እሑድ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ስንት ሰዓት አወራን፤ ስለ ፀጉሬ አንድ ቃል አልወጣትም። ይልቅ፣ ወፍረሻል፣ ሰው መስለሻል አለችኝ። ጋሼ፣ ልብሴ ሁሉ ሰፍቶኛል።

ታብሌቱን ከሩቅ፣ ከቁም ሣጥኑ ላይ ነበር ያስቀመጣችሁት። ዓይኗን ማየት አልቻልኩም። እርስዎ ከጎን ሲያወሩ ፊቷ ወደ እርስዎ ይዞራል፤ እኔ ሳወራ ወደ መስኮቱ ይዞራል።

ስልክዎን ለምን እንዳልሰጧት አሁን ገብቶኛል መሰለኝ። ግን በእኔ ግምት እንዳይሆን። እርስዎ ይጻፉልኝ። አይቀልዱ።

ሳሌም


ደብረ ብርሃን፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ ሳሌም፤

ጸንተሽ አንብቢው።

እናትሽ አያዩም። ብርሃንና ጥላ ይለያሉ፤ ሰው በር ላይ ሲቆም ሰው መሆኑን ያውቃሉ፤ ከዚያ በላይ የለም። ክረምት ላይ ነው የጀመራቸው። አንኮበር ሳሉ ዝም ብለው ኖረው፣ ከደብሩ ሲመለሱ ካቡ ላይ ተደናቅፈው ወደቁ። አልተሰበሩም፤ ግን ያን ጊዜ ነው የታወቀው። ጥቅምት ላይ ሄጄ አመጣኋቸው። «አንድ ቦታ» ያልኩሽ የዓይን ሐኪም ቤት ነው። የዓይን ግፊት ነው አሉን። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረችውን ጭላንጭል ጠብታው ያቆያታል ብለዋል። ጠዋትና ማታ የምጨምርላቸው እኔ ነኝ። ግማሹ ጉንጫቸው ላይ ይወርዳል፤ ጉንጬ ደህና ያያል ይሉኛል። በእኛ ቤት ቀልድ የማን እንደሆነ እንድታውቂ ይኸው።

በአያትሽ አጥንት አስምለውኝ ነበር። ከሰማች ጥላ ትመጣለች፣ መጥታ የምታበራልኝ ነገር የለም፣ ከእንጀራዋ ብቻ ትፈናቀላለች አሉኝ። ስለዚህ ቀለድሁ። ቀልድ እንዲህ እንደሚያደክም አላውቅም ነበር። ስልኬን ያልሰጠሁሽም እንዳልሽው ነው፤ በእጅ የተያዘ ስልክ ቅርብ ነው፣ ዓይናቸውን ታዪ ነበር። ታብሌቱ ግን ራቅ ብሎ መቆም ይችላል። ዘዴው የእሳቸው ነው።

መሐላውን ማፍረሴ አይደለም። ደብዳቤሽን አነበብኩላቸው፤ ፀጉሬን ተቆርጫለሁ የሚለው ላይ ስደርስ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ከዚያ ጻፍላት አሉ።

አንድ ነገር ግን ማወቅ አለብሽ። ኅዳር ውስጥ፣ ያ ነገር ደጋግሞ ሲያስቸግረን፣ ታክቶኝ እንዲህ ብያቸው ነበር፤ እትዬ፣ እርስዎ አያዩዋትም፣ ምስሉን ለምን እንታገልበታለን? በተራ ስልክ ድምጿን ይስሙ፣ ይበቃል። እንዲህ ሲሉ መለሱልኝ፤

«ልጄ ድምፅ አታምንም። አባቷን በድምፅ ደልለን ነው የቀበርነው። እኔ ባላያትም እሷ ትየኝ።»

ለዚህ ነው በየእሑዱ ነጭ ለብሰው የሚቀመጡት። ለዚህ ነው እኔም ያንን ሣጥን ስጎረጉር የከረምኩት።

ፀጉርሽን በተመለከተ፣ ማን ቁረጪ አላት፣ ለፋሲካ ትከሻዋ ላይ ካልደረሰ አላናግራትም ብለዋል።

መምጣትና መቅረቱን ለአንቺ ትተውታል። እኔም አልናገርም።

አጎትሽ ፍሥሐ


ዶሃ፣ ጥር 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጋሼ ፍሥሐ፤

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሳችሁ። ዘግይቼ ነው የምላችሁ። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ በኋላ ሥራ ገብቼ ወጥቻለሁ፣ እንግዳ ተቀብያለሁ፣ ዋይፋይ አስታርቄያለሁ። ሌላ ምን እንደሠራሁ አላስታውስም።

ማመልከቻውን ቀድጄዋለሁ። እማዬ በር ላይ ቁጭ ብላ የጠበቀችልኝን ሥራ ጥዬላት አልሄድም። ለፋሲካ ፈቃድ ጠይቄ ተሰጥቶኛል፤ ሦስት ሳምንት ነው። ጠብታውን ያን ጊዜ እኔ እጨምርላታለሁ፤ የእርስዎ እጅም ያርፋል። ስለ ዓይን ግፊቱ እዚህ የማውቃት ነርስ አለች፤ የሐኪሙን ወረቀት ፎቶ አንሥተው ይላኩልኝ፣ ዋይፋዩ አሁን ምስል ይሸከማል።

ፀጉሬ ለፋሲካ ትከሻዬ ላይ አይደርስም። እሷ ግን በእጇ ለክታ ታረጋግጥ ይበሉልኝ።

ነገ እሑድ ነው። ታብሌቱን ከቁም ሣጥኑ ላይ ያውርዱት። ጉልበቷ አጠገብ፣ ከሚደርሱበት ሁሉ ቅርብ አድርገው ያስቀምጡልኝ። እርስዎም አጠገቧ ቆመው አይድከሙ፤ አረፍ ይበሉ። ፊቷን ወዴት እንደምታዞር እኔው እነግራታለሁ።

ልጃችሁ ሳሌም